ለቢቢ ማህታብ የመጣው ጥሪ

ያርዝጋር፣ ማርች 3 ቀን 2002

ታላቅ ወንድሜ ላላ ዳውላት፣ ያ አሊ መደድ ብዬ ሰላም እልሃለሁ።

ይህን ከመጻፌ በፊት ሁለት ወረቀት ቀድጃለሁ። ነገሩ ትንሽ ነው፤ ሆዴ ውስጥ ግን ትንሽ ሆኖ መቀመጥ አልቻለም። በጃንዋሪ የላክህልኝን የምህንድስና ልምምድ ማመልከቻ አይጥ በላው ብዬህ አልነበር? አይጥ አልነካውም። ሞልቼ በሾፌሩ በሻህ ጉል እጅ ጊልጊት ልኬዋለሁ።

ሌላ ቅጽ ፍለጋ ከሥራ እየቀረህ በካራቺ ሙቀት ከቢሮ ቢሮ እንደምትዞር ባለፈው ደብዳቤህ ሳነብ እህል አልወርድ አለኝ። እባክህ አትዙር። የዋሸሁት ላታልልህ ብዬ አይደለም። ከከለከሉኝ ማንም ሳያውቅ ለብቻዬ ልከልከል ብዬ ነው።

አሁንም ይጠሩኛል ብዬ አላስብም። የሚፈልጉት አራት ሰው ነው፤ አዲሱ የመብራት ጣቢያ ላይ ከመሐንዲሶች ጋር ስድስት ወር ሊያሠሩ። አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ይበቃል ይላል። አሥረኛ ክፍልን እንደ እኔ እየተንገዳገደ ጨርሶ ያመለከተ ሌላ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም። የሒሳብ ውጤቴን ካየህ በኋላ የቀሩትን እንዳታይ በእጅ መሸፈን ነው።

ለጠየቅኸኝ ልመልስ። የአባታችን እግር ብርዱ ሲቀንስ ተሽሏቸዋል፤ በምርኩዝ እስከ በረቱ ይሄዳሉ። አክስቴ ዚባ እንደ ሁልጊዜዋ ናት፤ ከጎረቤት ጋር የተጣላችው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የላክኸው ሻርፕ ደርሶኛል፤ ቀይ መሆኑ አልከፋኝም፣ አልለብሰውም እንጂ። ለእማማ ያሠራነው ድልድይ ቆሟል።

ከማመልከቻው ጋር የላክህልኝን የቃለ መጠይቅ ጥያቄዎች ዝርዝር በየቀኑ እለማመዳለሁ። የምለማመደው በረት ውስጥ ነው፤ ሌላ ቦታ ሁሉ ሰው አለ። «ስለ ራስሽ ንገሪን» የሚለው ላይ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ስሜ ሜህርኒጋር ነው፣ ዕድሜዬ ዐሥራ ሰባት ነው። ከዚያ በኋላ ምን እንደሚባል አላውቅም። ዓይን ዓይናቸውን እያየሽ መልሺ ብለሃል። ላሟን እያየሁ ሞከርኩ፤ እሷ ቀድማ ፊቷን አዞረች።

ሌሎቹ ጥያቄዎች አይከብዱኝም። የብረት ገመድ ተወጥሮ ከሚታሰር ረገብ ብሎ ሲታሰር ለምን የበለጠ ክብደት እንደሚችል ከነሥዕሉ ጽፌ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ፤ ስህተት ካለው በቀይ አርምልኝ። ያልገባኝ ነገር ለምን ስለ ገመዱ ብቻ እንደማይጠይቁኝ ነው። ስለ እኔ ማወቅ ምን ያደርግላቸዋል?

ይህን እየጻፍኩ ሦስት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ምድጃው ላይ የጣድኩት ነገር የለም፤ ዝም ብዬ ነው የምነሣው።

እህትህ ኒጋር


ያርዝጋር፣ ማርች 22 ቀን 2002

ላላ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት ለናውሩዝ አደረሰህ።

ቅጹ ላይ ስለ የትኛው ሥራ ጻፍሽ ብለሃል። ባትጠይቀኝ ደስ ባለኝ ነበር። «በእጅሽ የሠራሽውን አንድ ነገር ግለጪ» ይል ነበር፤ ከድልድዩ ሌላ ምን አለኝ? የወንዙን ስፋት በገመድ ለክቼ ሥዕሉን የሳልኩት እኔ መሆኔን ከአንተና ሥራውን ከመሩት ግንበኛ ከኡስታድ ቁርባን በቀር የሚያውቅ የለም፤ ግን ቢያንስ ሠርቼዋለሁ። መግለጫው አራት ገጽ ወጣው። መጨረሻ ላይ «ሥራው የማን ነው?» የሚል ባዶ ቦታ ነበር። በእማማ ስም፣ የቢቢ ማህታብ ብዬ ሞላሁት። ሌላ ምን ይሞላል?

ትናንት ቤታችን በእንግዳ ተሞልቶ ሻህ ጉል መጣ። ፖስታ ይዞ በሩ ላይ ተገትሮ ቀረ፤ አይገባም፣ አይሄድም።

«ምን ሆነሃል? ግባ እንጂ፣ በዓል ነው» አሉት አባታችን።

«ደብዳቤ ነበር… የመሥሪያ ቤት ነው።»

«ታዲያ ስጠን።»

«የተጻፈው ለ… ለቢቢ ማህታብ ነው።»

የሻይ ብርጭቆ እንኳ የሚያነሣ ጠፋ። በመጨረሻ አክስቴ ዚባ፣ «ከሞተች ሦስት ዓመቷ! ምን ቀራቸው? መሬት ውስጥም ግብር ይጠይቃሉ እንዴ?» አለች።

አባታችን እጃቸውን ታጥበው ተቀበሉና ለእኔ ሰጡኝ፤ ማንበብ ያው የእኔ ሥራ ነው። ጮክ ብዬ አነበብኩት። በያርዝጋር ወንዝ ላይ ስለ ሠሩት የእግረኛ ድልድይ የላኩልንን መግለጫ በደስታ ተመልክተናል፣ ለልምምዱ ከተመረጡት ዐሥራ ሁለት አመልካቾች አንዷ ነዎትና ለቃለ መጠይቅ ኤፕሪል 16 ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጊልጊት ይቅረቡ ይላል። ስሟ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። የእኔ አንድም ቦታ የለም። መጀመሪያው ገጽ ላይ ስሜን መጻፌን እንኳ፣ ፊደል ያልቆጠረች እናቷን ወክላ የምትጽፍ ልጅ አድርገው ሳይወስዱት አልቀሩም።

የሜዳ አገር መሐንዲሶች ናቸው፤ የእኛን ነገር ከየት ያውቃሉ? ለእነሱ እንዴት እንደማስረዳው ዛሬ በረት ውስጥ ሞከርኩት። እኛ ዘንድ ኖሙስ የሚባል ነገር አለ፣ እላለሁ። ሰው ለሚወደው ዘመዱ፣ ይኑርም ይሙትም፣ ድልድይ ወይም መንገድ ያሠራል። ዕቃውንና ቀለቡን ቤተሰቡ ያቀርባል፤ ጉልበቱን መንደሩ ይሰጣል። ሥራው ካለቀ በኋላ የዚያ ሰው ነው፤ በስሙ ይጠራል። ድንጋይ ያቀበለ፣ ገመድ የጎተተ፣ የለካ፣ ስሙ አይነሣም። እኔ ሠራሁት የሚል ሰው ከስጦታው ላይ ቆርሶ እንደወሰደ ይቆጠራል። ይህን ሁሉ ላሟ ፊት ሳልደናቀፍ ተናገርኩ። ሰው ፊት ግን አንዱም አይወጣልኝም።

አሁን ችግሩ ምን መሰለህ፣ አባታችን ደብዳቤውን መሀል ቤት ባለው ምሰሶ ላይ በምስማር ሰቅለውታል። «መሥሪያ ቤት ለእናትሽ ጻፈላት» አሉኝ። የመጣ ሁሉ ቆሞ ያየዋል። ማንበብ የማይችሉት ማኅተሙን በጣታቸው ይነካሉ። አክስቴ ዚባ ለእያንዳንዱ እንግዳ፣ «እኔ ድሮም ብያለሁ፣ ማህታብ ጭንቅላቷ የመሐንዲስ ነበር» ትላለች። ብላ አታውቅም።

እኔም ዝም አልኩ። ምን ብዬ ልናገር? ተሳስተው ነው፣ የእኔ ነው ልበል? በዚያ ሁሉ ደስታ መሀል?

ስለ ድልድዩ ደጋግመህ ለምን ትጠይቀኛለህ? ቆሟል ብዬሃለሁ።

ኒጋር


ካራቺ፣ ማርች 29 ቀን 2002

ኒጋርዬ፣

ደብዳቤሽን ማደሪያ ክፍላችን ውስጥ ሳነብ ሳቄ አመለጠኝ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቄ ጠፋ። ልጆቹ ምን ሆነህ ነው ቢሉኝ፣ እናቴን ለሥራ ልምምድ ጠሯት አልኳቸው። «መቼም አንተ ቤት የሚቀጠር አይጠፋም» አሉኝ።

እማማ ብትኖር እኮ ትሄድላቸው ነበር። መሐንዲሶቹን በተራ ደርድራ የጨው ሻይ እያጠጣች ጠያቂዋ እሷ ትሆን ነበር። ሚስት አግብተሃል? ለምን አላገባህም? ያ ጫማህ ለምን ተቀደደ?

እሺ፣ አሁን ቀልዱን ልተወው። እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ። ዲፕሎማዬን የያዝኩ ዓመት ቦታ የለም ተባልኩ ብዬ ጽፌላችሁ ነበር። ቦታ ነበር። መርከብ የሚጠገንበት ግቢ ቃለ መጠይቅ ገብቼ ነበር። ራሴ የበየድኩትን ብረት ይዤ ገባሁ፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት። «ይህ ያማረ ነው፣ ማን በየደው?» አሉኝ። እንደ አደግንበት፣ «ኧረ ሙያውን ያስተማረኝ የኡስታዴ ደግነት ነው» አልኩ። «እንግዲያው ኡስታድህን ላክልን» አሉኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያው ግቢ ውስጥ ብረት ተሸካሚ ሆኜ የቆየሁት በዚያች አንዲት መልስ ነው። ለአባባ ይህን አታንብቢላቸው።

ስለዚህ ሄደሽ ስምሽን ንገሪያቸው። ልምምድ የሚሰጠው በሕይወት ላለ ሰው ነው።

ሌላው ነገር። ስለ ሻርፕ ሁለት መስመር ጽፈሻል፤ ስለ ላም አራት መስመር። ድልድዩ አሁን ስላለበት ሁኔታ ግን ሁለቱም ደብዳቤዎችሽ ላይ ያለው አንድ ቃል ነው። ስታድጊ አይቼሻለሁ፤ ቃል የምትቆጥቢው መቼ እንደሆነ አውቃለሁ። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ በአዎ ወይም በአይደለም መልሺልኝ፤ የሆነ ነገር ሆኗል?

ዳውላት


ያርዝጋር፣ ኤፕሪል 5 ቀን 2002

ላላ፣

አዎ።

ከዚህ ቃል በኋላ የሚጻፈውን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ድልድዩ ቆሟል ያልኩህ እውነት ነው። ግን ከወንዙ ማዶ ገመዱ የታሰረበት ትልቁ ድንጋይ ወደ ውኃው እየዘመመ ነው።

ጥፋቱ የእኔ ነው። እንዴት እንደሆነ ልጻፍልህ፣ በኋላ ማንም ሌላ አድርጎ እንዳይነግርህ። ኡስታድ ቁርባን ገመዱ ዝቅ ብሎ፣ ከተራራው ጋር አንድ አካል በሆነው አለት ላይ ይታሰር ብለው ነበር። እዚያ ግን ወንዙ ይሰፋል፤ አንተ ከካራቺ የላክኸው የብረት ገመድ በአራት ሜትር ያጥራል። አንተን ሌላ ገመድ ላክ ማለት አቃተኝ። ከፍ ብሎ አንድ ክፍል የሚያህል ድንጋይ አለ፣ እረኞች የሚያርፉበት። ዞሬ አየሁት፣ በመዶሻ መታሁት፤ ድምፁ የተራራ ድምፅ ነበር። ሥሩን ለመቆፈር ሞከርኩ፤ ዶማው እንደ ብረት ነጥሮ ተመለሰ። ይህ የተራራው አካል ነው፣ እዚህ ይታሰር አልኩ። ኖቬምበር ነበር፣ ላላ። ዶማውን የመለሰው አለት አልነበረም፤ በረዶ የጨበጠው አፈር ነው። ድንጋዩ የተቀመጠው በዚያ አፈር ላይ ነው፤ ሙቀት ሲመጣ አፈሩ ለሰለሰ። እዚህ ተወልጄ አፈራችን በኖቬምበር እንደሚዋሽ አላውቅም?

ፌብሯሪ መጨረሻ ላይ ጠረጠርኩ። ድንጋዩ አናት ላይ ምልክት አድርጌ፣ ጫፉ ላይ ጠጠር ያሰርኩበት ክር አንጠለጠልኩ፤ በየዓርቡ እየሄድኩ ክሩ ከድንጋዩ ምን ያህል እንደራቀ እለካለሁ። በመጀመሪያው ደብዳቤዬ ቆሟል ስልህ አንድ ጣት ነበር። በናውሩዝ ሁለት ጣት። ዛሬ አራት።

ትናንት ኡስታድ ቁርባን ዘንድ ሄድኩ። በራቸው ላይ ተቀምጠው የአካፋ እጀታ ይጠርባሉ።

«ኡስታድ፣ ማዶ ያለው ድንጋይ…»

«አይቼዋለሁ» አሉ፣ ቀና እንኳ ሳይሉ።

«መቼ?»

«አንቺ ክር ያንጠለጠልሽ ሰሞን። መጀመሪያ በየዓርቡ ድንጋይ ሥር ስትንበረከኪ ሳይ፣ ይቺ ልጅ አዲስ ሃይማኖት አመጣች እንዴ ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

«አንቺስ ለምን አልነገርሽኝም?»

እሳቸው ሲጠርቡ ቆዩና፣ «ከተጠየቀ ቁርባን አርጅቶ ተሳሳተ ይባላል፤ በቃ። ሰባ ዓመት አልፎኛል፣ ከእንግዲህ የሚቀጥረኝ የለም። አንቺ ጊልጊትሽን ሂጂ» አሉኝ።

«የለካሁት እኔ ነኝ።»

«እሱን ማን ያውቃል?»

በደግነት ነው ያሉት። እኔ ግን ቤት እስክገባ ድረስ ጆሮዬ ይጮህ ነበር።

ማስተካከያውን አስቤዋለሁ፤ ሥዕሉን ይኸው። ከድንጋዩ ኋላ ርቆ፣ ብርዱ ከማይደርስበት ጥልቀት ድረስ ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ትልቅ ግንድ አጋድሞ፣ ገመዱን በግንዱ ላይ ጠምጥሞ በድንጋይ መቅበር። ያኔ ድንጋዩ ቢሄድም ገመዱ አይሄድም። ኡስታድ አይተውት ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ይሆናል ማለታቸው ነው። ግን የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፤ መንደሩ ዘር ሊዘራ ኤፕሪል 10 በድልድዩ ላይ ከነአህያው ይሻገራል።

የሚያንገበግበኝን ግን ገና አልነገርኩህም። መዝመሙን ሰዎችም ማየት ጀምረዋል። ውኃ መቅጃው ላይ አሮጊቷ ሱልጣናት፣ «ማህታብ ድሮም ጥድፊያ ትወድ ነበር፤ ሥራዋም እንደሷ ጥድፍ ጥድፍ ብሎ ቀረ» ስትል ሰማኋት። ሌላዋ ደግሞ፣ «መሥሪያ ቤት የጻፈላት ይህን አይቶ ነው እንዴ?» ብላ ሳቀች። ቀድሞ ቢሆን ማንም እንዲህ አይልም፤ ኖሙስ የተደረገለት ሰው ሠሪ እንዳልሆነ ሕፃን ያውቃል። ምሰሶው ላይ በተሰቀለው ደብዳቤ የተነሣ ግን አሁን ሁሉም በገዛ እጇ የሠራችው ያህል ያወራል። አክስቴ ዚባ ባልዲዋን ጥላ ለእማማ ተሳደበችላት። እኔ እንስራዬን ሞልቼ፣ አንገቴን ደፍቼ መጣሁ። ለእናቴ አንድ ቃል ሳልመልስላት መጣሁ።

ጊልጊት አልሄድም፣ ላላ። በየትኛው አፌ? በስሟ የመጣውን ምስጋና ዝም ብዬ አሳለፍኩ፤ በስሟ የመጣውንም ስድብ ዝም ብዬ አሳለፍኩ። ለእነዚያ ሰዎች ስለ ራሴ ምን ልነግራቸው ነው? ዝም ማለት እችላለሁ ልበላቸው?

እስከ 10 አምስት ቀን አለ። መቀመጥ አልቻልኩም። አሁን ደግሞ ልወጣ ነው።

ኒጋር


ጊልጊት፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2002

ላላ፣

በአውቶቡስ መንገደኛ እጅ ለሻህ ጉል የላክኸው ማስታወሻ ዛሬ ከሰዓት በፊት ደረሰኝ። የጠየቅኸውን አስቀድሜ ልመልስ፦ ማንም አልተጎዳም። ሰውም፣ አህያም።

በ10 ጎህ ሲቀድ ማንም ሳይደርስ ሄጄ የድልድዩን መግቢያ በገመድ አሰርኩትና ፊቱ ቁጭ አልኩ። ብርድ ነበር። መጀመሪያ የደረሰው ከዘር ጆንያው ጋር ጎረቤታችን ጋዚ ነው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ተዘግቷል።»

«ማን ዘጋው?»

«እኔ።»

«አንቺ ማን ሆነሽ?» አለና ቀረብ ብሎ አየኝ። «የማህታብ ልጅ አይደለሽም እንዴ? ያቺ ዝምተኛዋ?»

ከኋላው ሌሎቹ ደረሱ። ድንጋዩን የመረጥኩት፣ የለካሁትና ሥዕሉን የሳልኩት እኔ መሆኔን ነገርኳቸው። እናቴ ከዚህ ድልድይ አንድ ጠጠር አላነሣችም፣ ስሟ ላይ ያረፈው የእኔ ስህተት ነው አልኩ። ድምፅሽ አይሰማም ብለው ድገሚው አሉኝ። ደገምኩት። ኡስታድ ቁርባን እየተንገዳገዱ መጡና «ልጅቷ እኔን ልታድን ነው፣ እንዳትሰሟት» አሉ። «ኡስታድ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንደዚያ አይደለም» አልኳቸው። ሽማግሌን ሰው ፊት እንዲያ ብዬ አላውቅም። ከዚያ በኋላ የተባባልነውን ሁሉ አልጽፈውም፤ ተወው። አንዱን ብቻ ልጻፍልህ። ጋዚ ጆንያውን መልሶ አህያው ላይ እየጫነ፣ «ዐሥራ ሰባት ዓመት ድምፅሽን ሳንሰማ ኖረን፤ ያጠራቀምሽው ለዚህ ነው?» አለኝ። በታችኛው መንገድ ዞሩ፤ የሦስት ሰዓት መንገድ ነው። እስካሁን የሚያኮርፉኝ አሉ። ኡስታድ ግን በማግስቱ ጉድጓዱን ማስቆፈር ጀምረዋል።

አባታችን ከእኔ ሳይሆን ከሰው ሰሙት። እሱ ነው የሚቆጨኝ። ሁለት ቀን አላናገሩኝም። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሻይ ሳቀርብ ተነሥተው ደብዳቤውን ከምሰሶው አወረዱ።

«ይዘሽው ሂጂ» አሉ።

«አባባ፣ የእማማ ነው እኮ፣ እዚሁ ይቀመጥ።»

«የእሷ አይደለም። የእሷ እንዳልሆነ እያወቅሁ ሦስት ሳምንት የእሷ አድርጌ አቆየሁት፤ ይበቃኛል።» ከዚያ ሻዩን ጠጡና፣ «ጂፑ ስንት ሰዓት ነው የሚነሣው? እኔም እመጣለሁ» አሉ።

«እግርዎስ?»

«ጂፕ ላይ የሚቀመጠው እግር አይደለም።»

ይኸውልህ፣ ሁለታችንም ጊልጊት ነን። ያረፍነው በሻህ ጉል እህት ቤት ነው። ዛሬ ከሰዓት መንገዱን እንድናውቀው ብለን እስከ ቢሮው በር ሄድን። የሚጠየቁት ሰዎች ስም ዝርዝር በሩ ላይ ተለጥፏል፤ ዐሥራ ሁለት ሰው ነው። ዘጠነኛዋ ቢቢ ማህታብ ናት። አባታችን አጠገቡ ቆመው ማኅተሙን ሲያዩ ቆዩ። ዘበኛው መጣና የማን ሰዎች ናችሁ አለን።

«ለነገው ነው የመጣሁት» አልኩ።

«ስምሽ አለበት?»

«የለበትም።»

«ስሙ የሌለ ሰው አይገባም፣ እህቴ።»

ደብዳቤውን አሳየሁት። አንብቦ አየኝ፣ መልሶ አነበበው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ማህታብ የታለች? አልመጣችም? እንግዲያው ስሚኝ፣ እኔ ነገ ስም ስጠራ አቤት በይና ግቢ። ውስጥ መታወቂያ የሚጠይቅሽ የለም። ስለ ድልድዩ እንደሆነ ታውቂያለሽ አይደል? በቃ፣ ምን ቸገረሽ» አለኝ።

እስከ ቤት ድረስ ያንኑ ሳሰላስል መጣሁ። ቀላል ነበር፣ ላላ። እገባለሁ፣ ስለ ገመዱ ይጠይቁኛል፣ እመልሳለሁ። ስለ ራስሽ ንገሪን ሲሉኝ ስለ እማማ እነግራቸዋለሁ፤ ስለሷ ስናገር ምላሴ አይተሳሰርም። ቦታውን ሊሰጡኝም ይችሉ ይሆናል። ግን ከዚያ ድልድዩን ለማየት መሐንዲስ ቢመጣ፣ የዘመመውን ድንጋይ አይቶ ይህን የሠራችው ማን ናት ቢል፣ ዝርዝሩ ላይ የሚያገኘው የማንን ስም ነው? ውኃ መቅጃው ላይ የሰማሁት በማኅተም ተመቶ ይጸድቃል።

አንተ ስምሽን ንገሪያቸው ስትለኝ፣ ከእሷ ላይ ቀንሰሽ ለራስሽ ውሰጂ ያልከኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው ከእሷ ላይ የምወስድላት ነገር ስህተቱ ነው። ስጦታው አይነካም፤ ድልድዩ ስሟን እንደያዘ ይኖራል።

ስሜ ዝርዝሩ ላይ ስለሌለ ሊመልሱኝ ይችላሉ። የዘመመ ድልድይ ይዛ የመጣች ብለው ሊስቁብኝም ይችላሉ። የሻህ ጉል እህት ያቀረበችልኝን ሾርባ ሁለት ጊዜ አሙቃልኛለች። አባታችን ግቢ ውስጥ ጫማቸውን እየጠረጉ ነው፤ ለቃለ መጠይቁ የተጠሩት እሳቸው ይመስል። በመስኮት በኩል፣ «ያንን የጉድጓዱን ሥዕል ንጹሕ ወረቀት ላይ ገልብጠሽዋል?» ይሉኛል። ገልብጬዋለሁ። ከበላዩ መጀመሪያ የሳልኩትን፣ የተሳሳትኩበትን፣ አድርጌዋለሁ፤ መጀመሪያ እሱን እንዲያዩት።

ነገ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በሩ ጋ እደርሳለሁ። ዘበኛው ስም እየጠራ ዘጠነኛው ላይ ሲደርስ አቤት አልልም። እጄን አውጥቼ፣ ቢቢ ማህታብ እናቴ ነበረች፣ ሞታለች፣ ድልድዩን ለክቼ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ስሜ ሜህርኒጋር ይባላል፣ በመጨረሻው መስመር ሥር ጻፈኝ እለዋለሁ። ድገሚው ካለኝም እደግመዋለሁ።

እህትህ ሜህርኒጋር